የትልልቆቹ ጠብ በልጆቹ ሜዳ፦ ከዱባዩ የወጣቶች ክሪኬት ዋንጫ ጀርባ

ታህሳስ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. እሁድ ዕለት ዱባይ ላይ ከ19 ዓመት በታች የእስያ ክሪኬት ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ፓኪስታን ህንድን በ191 ነጥብ ልዩነት አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በዚያን ዕለት የአብዛኞቻችሁ ዓይን ፕሪሚየር ሊጉ ላይ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማንም አይፈርድባችሁም። ክሪኬት ለኛ የሩቅ ሰው ጨዋታ ነው። ይህችን ውድድር ዛሬ ያነሳኋት ግን በውጤቷ ምክንያት አይደለም። የሁለቱ ቡድኖች አምበሎች፣ ሁለቱም ገና ወጣቶች፣ ለዕጣ ሲወጡ እጅ ለእጅ አልተጨባበጡም። ተኳርፈው አይደለም። እጃቸውን የያዘባቸው ሌላ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አንዱ ቡድን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ የእንጨት ዱላ ይመታል። መቺው ኳሷን መትቶ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በሮጠ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ነጥቡም “ራን” ይባላል። ኳሷ የሜዳውን ጠርዝ ካለፈች ሳይሮጥም አራት ወይም ስድስት ይያዝለታል። በዚህ ውድድር ለእያንዳንዱ ቡድን የሚፈቀደው 300 ኳስ ነው። አስር መቺ ከወጣበት ደግሞ ኳስ ቢተርፈውም ተራው አለቀ። ከዚያ ይቀያየሩና ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን ነጥብ ለማለፍ ይሞክራል። ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ የክሪኬት ዝርዝር ደግሞ ማለቂያ የለውም።

በፍጻሜው ፓኪስታኖች ቀድመው መቱና 347 ራን አስቆጠሩ። ከዚህ ውስጥ ሳሚር ሚንሃስ የተባለ ልጅ ብቻውን በ113 ኳስ 172 ራን ሠርቷል። ህንዶቹ ከተፈቀደላቸው ኳስ ግማሹን ብዙም ሳያልፉ በ156 ተሰበሰቡ። ገና ከሳምንት በፊት በምድብ ጨዋታ ህንድ ይህንኑ የፓኪስታን ቡድን በ90 ራን አሸንፋ ነበር። በህንድ በኩል ደግሞ ቫይባቭ ሱሪያቫንሺ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ አለ። አዎ፣ አስራ አራት። በውድድሩ መክፈቻ በኤምሬትስ ላይ ብቻውን 171 ራን ያስቆጠረ፣ በህንዱ ሀብታም ሊግ አይፒኤል ውስጥ ደግሞ ገና በዚያው ዕድሜው በ35 ኳስ መቶ ራን የሞላ ልጅ ነው። በኛ አገር ቢሆን ስምንተኛ ክፍል ተቀምጦ ለሚኒስትሪ የሚዘጋጅ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ልጅ ከፓኪስታን ልጆች ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኘ። ሁለቱንም ጊዜ መጨባበጥ የለም።

ይህ ነገር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2025 በህንድ አስተዳደር ሥር ባለው የካሽሚር ክፍል፣ ፓሃልጋም በሚባል የመዝናኛ ስፍራ፣ ታጣቂዎች 26 ሰዎችን ገደሉ። አብዛኞቹ ለጉብኝት የመጡ ነበሩ። ህንድ ጣቷን ፓኪስታን ላይ ቀሰረች፤ ፓኪስታን እጄ የለበትም አለች። ከሜይ 7 እስከ 10 ድረስ ሁለቱ የኑክሌር ባለቤቶች በሚሳይል፣ በድሮንና በጦር አውሮፕላን ተታኮሱ። ከአራት ቀን በኋላ ተኩስ ቆመ። ጠቡ ግን ወደ ክሪኬት ሜዳ ተሻገረ።

በሴፕቴምበር የአዋቂዎቹ የእስያ ዋንጫ እዚያው ኤምሬትስ ውስጥ ተካሄደ። ሁለቱ አገሮች ሦስት ጊዜ ተገናኙ። በሦስቱም የህንድ ተጫዋቾች የፓኪስታኖቹን እጅ አልጨበጡም። የህንዱ አምበል ሱሪያኩማር ያዳቭ ድሉን ለፓሃልጋም ሟቾችና ለአገሩ ሠራዊት አበረከተ። ከፓኪስታን በኩል ደግሞ ሃሪስ ራውፍ የሚባለው ወርዋሪ ወደ ህንድ ደጋፊዎች ዞሮ አውሮፕላን ሲከሰከስ የሚያሳይ ምልክት በእጁ ሠራ። ሁለቱም ተቀጡ። በዚህ ጉዳይ ንጹህ እጅ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ሴፕቴምበር 28 ፍጻሜውን ህንድ አሸነፈች። ዋንጫውን የሚሰጠው የእስያ ክሪኬት ምክር ቤት ፕሬዝዳንት ሞህሲን ናቅቪ ነበር። ህንዶቹ “ከዚህ ሰውዬ እጅ አንቀበልም” ብለው ቆሙ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጠበቀ፤ በመጨረሻ ዋንጫው ከመድረኩ ተነስቶ ተወሰደ፤ ሻምፒዮኖቹም ባዶ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው የሌለ ዋንጫ የያዙ መስለው ፎቶ ተነሱ። እንዲህ ያለ ነገር በስፖርት ታሪክ ብዙ አይታይም።

ታዲያ ይህ ሞህሲን ናቅቪ ማነው? ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉ። ሰውዬው የፓኪስታን ክሪኬት ቦርድ ሊቀመንበር ነው። በዚያ ላይ የእስያ ምክር ቤት ፕሬዝዳንት ነው። በዚያ ላይ ደግሞ የፓኪስታን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ፖሊሱም ድንበር ጠባቂውም ለእሱ ነው የሚታዘዘው። ከሱ በፊት የእስያን ምክር ቤት ከመሩት አንዱ ጄይ ሻህ የሚባል ህንዳዊ ነበር፤ አሁን ከፍ ብሎ የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት፣ የአይሲሲ ሊቀመንበር ሆኗል። አባቱ ማን መሰላችሁ? የህንድ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አሚት ሻህ።

ስለዚህ እስያ ላይ ክሪኬትን ከላይ ሆኖ የሚመራው የአንዱ አገር የጸጥታ ሚኒስትር፣ ዓለምን የሚመራው ደግሞ የሌላኛው አገር የጸጥታ ሚኒስትር ልጅ ነው። “ስፖርትና ፖለቲካን አትቀላቅሉ” የሚለው ምክር እዚህ ቤት ለማን ነው የሚነገረው? የሚቀላቅለውም የሚመክረውም አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ከታህሳሱ ውድድር በፊት የህንድ መገናኛ ብዙኃን እንደዘገቡት አይሲሲ በወጣቶች ደረጃ ፖለቲካው ወደ ጎን ተብሎ መጨባበጡ እንዲቀጥል ፍላጎት ነበረው። ፍላጎት ብቻ ነው እንግዲህ፤ ትዕዛዝ አይደለም። በክሪኬት ሕግ ውስጥ “ተጫዋች የተጋጣሚውን እጅ ካልጨበጠ ይቀጣል” የሚል አንቀጽ የለም። ልማድ ነው፣ ጨዋነት ነው። ልማድን ደግሞ ለመጣስ የአንድ ቀን ድፍረት ይበቃል፤ በሁለተኛው ቀን እሱ ራሱ ልማድ ይሆናል። በሴፕቴምበር ያስደነገጠው ነገር በታህሳስ ልጆቹ ላይ ሲደርስ “እንደተለመደው ሳይጨባበጡ” እየተባለ ይጻፍ ነበር። እንደተለመደው! በሦስት ወር።

አንድ ቆየት ያለ ጨዋታ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ይኸው ከ19 ዓመት በታች የእስያ ዋንጫ ኳላላምፑር፣ ማሌዥያ ላይ ተካሂዶ ነበር። ለፍጻሜ የደረሱት ህንድና ፓኪስታን ናቸው። ፓኪስታን 282 ራን ሠራች። ህንድም መትታ መትታ መጨረሻዋ ኳስ ላይ ስትደርስ ነጥቧ ስንት ሆነ? 282። እኩል። ተጨማሪ ሰዓት የለም፣ መለያ ምት የለም። ሁለቱም ሻምፒዮን ተባሉና ዋንጫውን ተካፈሉ። በመዝገቡ ላይ እስካሁን የ2012 አሸናፊ “ህንድ እና ፓኪስታን” ነው የሚለው። ያኔም ቢሆን ሁለቱ አገሮች ፍቅር በፍቅር አልነበሩም፤ ሙምባይ በታጣቂዎች ከተመታች አራት ዓመት አልሞላትም ነበር።

ታዲያ በ2012 እና በ2025 መካከል ምን ተለወጠ? ብዙ ሰው ጥላቻው ጨመረ ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይበልጥ የለወጠው መተዋወቅ መቅረቱ ይመስለኛል። ፓኪስታን ህንድ ድረስ ሄዳ ሁለቱ ብቻ የተከታታይ ግጥሚያ ያደረጉት ለመጨረሻ ጊዜ በ2012 ማብቂያና በ2013 መግቢያ ነው። ከዚያ ወዲህ የለም። በአይፒኤል የፓኪስታን ተጫዋቾች የተጫወቱት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2008 ብቻ ነው። ከሙምባይ ጥቃት በኋላ በሩ ተዘጋ። በ2025 መጀመሪያ ፓኪስታን የቻምፒዮንስ ትሮፊን ስታዘጋጅ እንኳን ህንድ “አልሄድም” ብላ ሁሉንም ጨዋታዋን ዱባይ ላይ አደረገች፤ ዋንጫውንም እዚያው ወሰደች። አሁን ደግሞ እስከ 2027 ድረስ በአይሲሲ ውድድሮች አንዳቸው ወደሌላው አገር እንዳይሄዱ፣ በገለልተኛ ሜዳ እንዲገናኙ ስምምነት አለ። ገለልተኛ ሜዳ የሚለው ቃል ለኛ አገር ኳስ ተመልካችም አዲስ አይደለም፤ ምን ሲመጣ እንደሚመጣ እናውቀዋለን።

አስቡት እንግዲህ። ዛሬ 18 ዓመት የሆነው የላሆር ልጅ ሁለቱ አገሮች ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠያየቁ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር። የህንድ ተጫዋች ካራቺ ላይ ሲጫወት አይቶ አያውቅም። የዴልሂው ልጅም እንዲሁ። የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ቢሰዳደቡም ማታ አንድ ሆቴል ራት ይበሉ ነበር፣ ዱላና ጓንት ይሰጣጡ ነበር። ለዛሬዎቹ ልጆች መተያያ የቀረላቸው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በሦስተኛ አገር፣ ከስድስት ሌሎች ቡድኖች ጋር የሚሰበሰቡባት በዋናነት ይህች የወጣቶች ዋንጫ ናት። እሷ ላይ ነው እንግዲህ “እጅህን ሰብስብ” የተባሉት።

“ደም ፈሶ ሳለ ፈገግታ ከየት ይመጣል?” የሚል ህንዳዊ ሞልቷል፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። ዘመዱ ፓሃልጋም ላይ የተገደለበት ሰው ቴሌቪዥን ከፍቶ መተቃቀፍ ቢያይ ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም። ህንድ ፈጽሞ አልጫወትም ብትል አቋም ነው፤ ይከበራል። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ከዓለም ክሪኬት ከ20 ዓመት በላይ ተገልላ ኖራለች፤ ያ ዋጋ ያስከፈለ ውሳኔ ነበር።

አሁን የምናየው ግን እንደዚያ አይደለም። ጨዋታው ይካሄዳል። ቲኬቱ ይሸጣል። ማስታወቂያው ይተላለፋል። የቀረው መጨባበጡ ብቻ ነው።

ለምን ቢባል ገንዘቡ እዚያ ስላለ ነዋ። የእስያ ክሪኬት ምክር ቤት ከ2024 እስከ 2031 ያለውን የቴሌቪዥን መብቱን ለህንዱ ሶኒ ሲሸጥ ዋጋው 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ተዘግቧል፤ የወጣቶቹም ውድድር እዚያው ጥቅል ውስጥ ነው ያለው። ሶኒ ይህን ያህል ያወጣው ኔፓልን ከማሌዥያ ሊያሳይ አይደለም። ምድብ አደላደሉንም ተመልከቱት። በ2023 ህንድና ፓኪስታን አንድ ምድብ። በ2024 አንድ ምድብ። በ2025 አንድ ምድብ። በአዋቂዎቹ የአይሲሲ ውድድሮችም ከአስር ዓመት በላይ እንዲሁ ነው። ዕጣ ይህን ያህል ታማኝ ሆኖ አያውቅም። አንድ ምድብ ከሆኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ፍጻሜም ከደረሱ ሁለት ጊዜ።

ስለዚህ ትልልቆቹ ልጆቹን ሆን ብለው ያገናኟቸዋል፣ በመገናኘታቸው ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሰላም እንዳትባባሉ ይሏቸዋል። የ35 ዓመት ተጫዋች ይህን ትዕዛዝ ሲቀበል ገብቶት፣ ፈቅዶ ወይም ዋጋውን አስልቶ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ምን ሊያሰላ ነው? እምቢ ቢልስ? በማግስቱ ስሙ በመቶ ሚሊዮን ስልክ ላይ “ከሃዲ” ተብሎ ያድራል።

ይህንን ግምት እንዳትሉኝ፣ ማየት ከፈለጋችሁ ከኛው ሰፈር ከአትሌቲክስ ምሳሌ አለ። በፓሪስ ኦሎምፒክ የጦር ውርወራውን የፓኪስታኑ አርሻድ ናዲም 92.97 ሜትር ወርውሮ ወርቅ ሲወስድ የህንዱ ኒራጅ ቾፕራ ብር ወሰደ። ያኔ የኒራጅ እናት ወርቅ ያገኘውም ልጃችን ነው ብለው ተናግረው የሁለቱንም አገር ሕዝብ አስለቅሰው ነበር። በዓመቱ ኒራጅ ባንጋሎር ላይ በስሙ ለሚያዘጋጀው ውድድር አርሻድን ጋበዘው። ግብዣው የተላከው ከፓሃልጋም በፊት ነው። ጥቃቱ ሲደርስ ግን በኢንተርኔት ያልተባለው የለም፤ እናቱ ሳይቀሩ ተሰደቡ። ወርቅና ብር ያለው፣ በአገሩ እንደ ጀግና የሚታይ ሰው ነው እንዲህ የሆነው። ታዳጊው ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

ደግሞ ክፉው ብቻ እንዳይወራ፦ በኦክቶበር 2025 ማሌዥያ፣ ጆሆር ውስጥ የሁለቱ አገሮች የወጣት ሆኪ ቡድኖች ተገናኝተው ነበር። የአዋቂዎቹ ክሪኬት ውዝግብ ገና ትኩስ ነው። ልጆቹ ከጨዋታው በፊት ተሰልፈው እጅ ለእጅ ተማቱ፣ ተጫወቱ፣ 3 ለ 3 ወጡ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሰማይ አልተደፋም። ለምን በሆኪው ቻሉ? ሆኪ ያን ያህል ገንዘብ የለበትም፣ ያን ያህል ካሜራም የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ጩኸት ሥር የተቀበረ ሌላ ታሪክ አለ፤ እኔ በግሌ ከህንድና ፓኪስታን ይልቅ የሚስበኝ እሱ ነው። ይህች የወጣቶች ዋንጫ ትንንሾቹ ትልልቆቹን የሚጥሉባት ሜዳ ናት።

በ2017 ኳላላምፑር ላይ አፍጋኒስታን ዋንጫውን ወሰደች። በፍጻሜው ፓኪስታንን በ63 ራን ሰብስባ በ185 ልዩነት ነው ያሸነፈቻት። የአፍጋን ክሪኬት የተወለደው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከሶቪየት ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች በፓኪስታን፣ በፔሻዋር ዙሪያ በነበሩ የስደተኛ ካምፖች ውስጥ። ልጆቹ ጨዋታውን ከአስጠጋቸው አገር ተማሩና በአንድ ትውልድ ተመልሰው መምህራቸውን አሸነፉ። ከዚያ በ2023 እና በ2024 ባንግላዴሽ በተከታታይ ወሰደችው፤ በ2024 ፍጻሜ ህንድን በ59 ራን አሸንፋ። በ2023 ደግሞ ኤምሬትስ ፓኪስታንን በግማሽ ፍጻሜ በ11 ራን ጥላ ለፍጻሜ ደርሳለች። በአዋቂዎቹ ደረጃ ይህ የማይታሰብ ነው።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። በአዋቂዎቹ ዘንድ ገንዘብ ይጫወታል። ከ2024 እስከ 2027 ባለው የአይሲሲ ገቢ ክፍፍል ህንድ ብቻዋን 38.5 በመቶ ገደማ ትወስዳለች። ፓኪስታን ስድስት በመቶ አትሞላም። ሙሉ አባል ያልሆኑት ከ90 በላይ አገሮች ተሰብስበው የሚደርሳቸው 11 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ልዩነት ሆስፒታሉን፣ አሠልጣኙን፣ ሜዳውን፣ ደሞዙን ሁሉ ይወስናል። በ17 ዓመት ግን ገና አልወሰነም። የካቡል ልጅና የሙምባይ ልጅ በዚያ ዕድሜ በክንድ ብቻ የሚለኩበት ጥቂት ጊዜ አለ።

ያቺ ጊዜ ናት አሁን በትልልቆቹ ዜና የተሸፈነችው። በታህሳሱ ውድድር ስምንት ቡድን ነበር፤ ህንድ፣ ፓኪስታን፣ ኤምሬትስና ማሌዥያ በአንድ ምድብ፣ ባንግላዴሽ፣ ስሪላንካ፣ አፍጋኒስታንና ኔፓል በሌላው። ስለ ኔፓሎቹ ማን ጻፈ? ርዕሱ ሁሉ “ተጨባበጡ ወይስ አልተጨባበጡም” ነበር።

በሽታው ደግሞ ተላላፊ ነው። በጃንዋሪ 2026 ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ዚምባብዌና ናሚቢያ ላይ ተጀመረ። ጃንዋሪ 17 ቡላዋዮ ላይ ህንድ ከባንግላዴሽ ሲገናኙ ለዕጣ የወጡት ሁለቱ ልጆች ሳይጨባበጡ ተለያዩ። በዚያን ሰሞን በሁለቱ አገሮች መካከል በአዋቂዎቹ የዓለም ዋንጫ ጉዳይ ውዝግብ ነበር፤ ባንግላዴሽ “ህንድ ሄደን አንጫወትም” ብላ ነበር፤ ኋላም በስኮትላንድ ተተካች። የባንግላዴሽ ቦርድ የዕጣው ነገር ሳይታሰብ የሆነ ነው ብሎ አስተባበለ፤ ከጨዋታው በኋላም ልጆቹ ተጨባብጠዋል። እሺ፣ ሳይታሰብ ይሁን። ግን ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን አንድ ልጅ ሳይጨብጥ ቢያልፍ ማን ልብ ይለው ነበር? አሁን ቦርዱ መግለጫ ማውጣት ግድ ሆነበት።

በነገራችን ላይ በዚያ የዓለም ዋንጫ ላይ ታንዛኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋለች። ከሌጎሱ የአፍሪካ ማጣሪያ አልፋ ነው። ሰፈራችን ድረስ መጥቷል እኮ ጨዋታው፤ ኬንያ በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ነበር፣ ኡጋንዳ በ2024 በአጭሩ የክሪኬት ዓለም ዋንጫ ተጫውታለች፣ እንግሊዝ ያልገዛቻት ሩዋንዳ እንኳን ከስደት በተመለሱ ልጆቿ አማካይነት ጀምራው ዛሬ የሴት ወጣቶቿ ዌስት ኢንዲስን እስከማሸነፍ ደርሰዋል። የዚህ ቀጠና ልጆችም ነገ የሚገቡበት ሜዳ ነውና የሚወጣው ደንብ ለነሱም ነው።

ደንብ ካልን፣ መደረግ የሚችል ነገር የለም ማለት አይደለም። አይሲሲ ለወጣቶች ውድድር የራሱ መተዳደሪያ አለው። በ2020 ደቡብ አፍሪካ ላይ ባንግላዴሽ ህንድን አሸንፋ የወጣቶች ዓለም ዋንጫ ስትወስድ ሜዳ ውስጥ ግፊያ ተፈጥሮ ነበር፤ አይሲሲ ሳይውል ሳያድር ከሁለቱም ወገን አምስት ተጫዋቾች ቀጣ። ሦስት ከባንግላዴሽ፣ ሁለት ከህንድ። ልጆቹን መቅጣት አላቃተውም። አሁን ግን ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የላኳቸው ሰዎች ነው፤ እነሱን መቅጣት ማለት ደግሞ ሊቀመንበሩ የገዛ አገሩን ቦርድ ይቅጣ ማለት ነው። ቢያንስ ሁለት ነገር ቀላል ነበር፦ በወጣቶች ደረጃ ከጨዋታ በኋላ መጨባበጥን በመተዳደሪያው ላይ መጻፍ፣ እንዲሁም ሁለቱን ቡድኖች ሁልጊዜ አንድ ምድብ ማድረጉን ትቶ እውነተኛ ዕጣ ማውጣት። የመጀመሪያው ልጁን ከውሳኔው ነጻ ያወጣዋል፤ “ደንብ ነው” ይላል፣ ማንም ከሃዲ አይለውም። ሁለተኛው ግን የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ይነካል። ስለዚህ ሁለተኛውን ቶሎ አትጠብቁ።

ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ ወገኖች ይህን ጨዋታ ከኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ። በዕረፍት ቀን ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያና አሸዋማ ሜዳ ላይ ዱላ ይዘው የሚሯሯጡትን ሠራተኞች ሳታዩ አልቀራችሁም። ከኬራላ የመጣው ሾፌር፣ ከፔሻዋር የመጣው ግንበኛ፣ ከዳካ የመጣው ጽዳት ሠራተኛ። የኤምሬትስ ብሔራዊ የወጣት ቡድንም ከነዚሁ ማኅበረሰቦች የተገኘ ነው። ብዙዎቹ እዚያ አድገው የኤምሬትስ ዜግነት የሌላቸው፣ በመኖሪያ ፈቃድ ያሉ ልጆች ናቸው፤ የክሪኬት ደንብ ደግሞ ለአገር ለመሰለፍ የተወሰነ ዓመት መኖርን በቂ ያደርጋል። ልጅ ወልዳችሁ እዚያ የምታሳድጉ ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። በታህሳሱ ውድድር ይህ ቡድን ከህንድም ከፓኪስታንም ጋር በአንድ ምድብ ነበር። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ወላጆቹ ከህንድ የመጡ ልጅና ወላጆቹ ከፓኪስታን የመጡ ልጅ አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው ጎን ለጎን ነበር የተቀመጡት።